ምስጢር ከሆነ ግን ይቅር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ማዘር፣ የዚያን የፊልም ቁስል ሜካፕ አሠራር ቢነግሩኝ? ምስጢር ከሆነ ግን ይቅር» ይላል። ቀረፃ ቦታ ላይ ሁሉም ማዘር ነው የሚለኝ፣ ለምጄዋለሁ። «ምስጢር ከሆነ ግን ይቅር» የምትለዋ ግን ቀኑን ሙሉ ስትከነክነኝ ዋለች። ልጁ ገና ሳይጠይቅ እያፈረ ነው የመጣው። ማን አስተማረው? እኛው ነን።

እኔ ሜካፕ የጀመርኩት በቴአትር ነው። ያሠለጠኑኝ አንጋፋ ባለሙያ እጃቸው የተባረከ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። የፂም መለጠፊያውን ሙጫ ሲበጠብጡ ግን ጀርባቸውን ይሰጡኛል። አንድ ቀን አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሳይ ያዙኝና «ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አባባሉ «አትኩራሪ» ለማለት ነበር። እሳቸው «አትንገሪ» አደረጉት። ሥሩን ለልጁ እንኳ ሳያሳይ እንደሚሞት መድኃኒት አዋቂ፣ እሳቸውም እንደያዙት ሄዱ። ላብ የማይፈታት ሙጫ ነበረች። ከምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለ አሜሪካዊው ሜካፕ ሠሪ ስለ ዲክ ስሚዝ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ቀድሜ ብሰማ ኖሮ አንዳንድ ነገር ባላጠፋሁ ነበር፤ ወደ ጥፋቴ በኋላ እመለሳለሁ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1922 ኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሐሳቡ ሌላ ነበር። አንድ የቴአትር ሜካፕ መጽሐፍ እጁ ገባና ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በ1945 ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ገብቶ 14 ዓመት ሠራ። ያኔ ድራማ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። «ቆይ፣ ፂሙ ተላቀቀ» ማለት የለም።

ከዚያ ወደ ፊልም ዞረ። ተዋናዩን ደስቲን ሆፍማንን ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳለ የ121 ዓመት ሽማግሌ አደረገው። ሌላው ተዋናይ ማክስ ቮን ሲዶው ጋኔን ስለያዛት ልጅ በሚያወራው «ዘ ኤክሶርሲስት» ፊልም ላይ የሚያሳዝን አረጋዊ ቄስ ሆኖ ይታያል። ሰውየው ግን ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። አብዛኛው ተመልካች እውነተኛ ሽማግሌ የተቀጠረ መስሎት ነው የወጣው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ሥራው ነው። ስለ ጋኔኗ ልጅ ሁሉም ያወራል፣ የቄሱን ሜካፕ ግን ሜካፕ ነው ያለ የለም።

እንዴት ሠራው? ፎም ላቴክስ የሚባል አለ፣ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ላስቲክ። ሻጋታ ውስጥ ገብቶ ምድጃ ላይ ይበስላል። የድሮዎቹ ፊቱን በአንድ ሙሉ ጭምብል ይሸፍኑት ነበር። ስሚዝ ግን ቆራረጠው። ግንባር ለብቻ፣ ጉንጭ ለብቻ፣ አገጭ ለብቻ አድርጎ ጫፋቸውን እያደራረበ ይለጥፋል። ተዋናዩ ሲስቅ ላስቲኩም አብሮ ይስቃል። ዛሬ ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ፎም ላቴክስ ለእኛ ኪስ ከባድ ነው። ፈሳሽ ላቴክስና ፀጉር ማድረቂያ ካላችሁ ግን ሰው ማስረጀት ጀምሩ። ቆዳውን በጣታችሁ ወጥሩ፣ በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አድርቁ፣ ፓውደር ንኩት፣ ከዚያ ልቀቁት። ቆዳው ይጨማደዳል። ላቴክስ የማይስማማው ሰው አለና ቀድማችሁ ክንዱ ላይ ሞክሩ። ደግሞ እባካችሁ እጁን አትርሱ! በድራማዎቻችን ፊቱ ሰማንያ፣ እጁ ሃያ አምስት የሆነ ስንት አባት አይቻለሁ። ፀጉሩ ላይ ደግሞ ፓውደር ይነሰነስበታል፤ ሰውየው ከወፍጮ ቤት የመጣ ይመስላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በስሚዝ ዘመንም ሜካፕ ሠሪዎች ምስጢራቸውን ይቆልፉ ነበር። እሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። በ1965 ለልጆች የሚሆን የጭራቅ ሜካፕ መማሪያ አሳተመ፣ በኩሽና ዕቃ የሚሠራ። የሰው ሠራሽ ደም አዘገጃጀቱን እንኳ አልደበቀም። የበቆሎ ሽሮፕና የምግብ ቀለም ነው ዋናው። (እኔ ስኳር አፍልቼ ነው የምሠራው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንዴ ዝንብ ተዋናዩን ሊወስደው ደርሶ ነበር።)

ሪክ ቤከር የሚባል ልጅ በአሥራዎቹ ዕድሜው ሥራውን ይዞ መጣ። ስሚዝ ተቀበለው፣ በኋላም ረዳቱ አደረገው። ቤከር 7 ኦስካር ወሰደ። መምህሩ በውድድር ያገኘው አንድ ብቻ ነው፣ «አማዴየስ» በተባለው ፊልም። የክብር ኦስካሩ የመጣለት በ2011 ነበር። ከጃፓን፣ ከኪዮቶም አንድ ታዳጊ አድራሻውን ፈልጎ ጻፈለት። መለሰለት። ዛሬ ካዙ ሂሮ የሚባለው ያ ልጅ በ2018 ተዋናዩን ጋሪ ኦልድማንን የእንግሊዙን መሪ ቸርችልን አስመስሎ ኦስካር ተቀበለ። ስሚዝ ያኔ ካረፈ አራት ዓመት ሊሆነው ነበር።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። አንዲት ረዳት ነበረችኝ፣ ፈጣን ልጅ። ፂም ማንሻውን በምን እንደማዘጋጀው ስትጠይቀኝ «ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ከቻለች በእኔ ፋንታ እሷን በርካሽ ይጠሯታል ብዬ። እኔ ባልነበርኩበት ቀን ፂሙ አልነሳ ሲላት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተጠቀመች። የተዋናዩ አገጭ ተላጠ። ቀረፃው ሁለት ቀን ቆመ። ሁሉም እሷ ላይ ጮኸ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ቀረፃ ቦታ አልተመለሰችም። አሁን አያት አካባቢ የጥፍር ቤት አላት። ሳልፍ ሰላም ትለኛለች፣ ቡናም ጋብዛኛለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እረሺው» አለችኝ። እሷ ረስታው ይሆናል።

ስለዚህ ጠይቁ። ፎቶ ይዛችሁ ጠይቁ፣ «እንዴት ነው የሚሠራው» ብቻ ሳይሆን «እኔ እንዲህ ሞክሬ እንዲህ ሆነብኝ» በሉ። ለእንደዚህ ያለ ሰው መልስ መንፈግ ይከብዳል። የነፈጋችሁ ካለ ሌላውን ጠይቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገጣፎ፣ ግቢዬ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ክፍል ክፍት ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉ፤ መብራት ከሌለ ፀጉር ማድረቂያው አይሠራም፣ ላቴክሱም ስታራግቡት ነው የሚመሽባችሁ።

ለልጁም መልሻለሁ። ሦስት የድምፅ መልእክት ላክሁለት፣ አራተኛው ላይ ባትሪዬ አለቀ። ትናንት የወንድሙን ክንድ ፎቶ ላከልኝ። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ቁስሉም ያስደነግጣል። ጠርዙ ግን ይታያል። ቅዳሜ ወንድምህን ይዘህ ና ብዬዋለሁ።