ትሉን ከኮምፖስቱ እንዴት እንለይ? ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ በሳጥን ትል ማርባት ብዙዎቻችሁ ለምዳችኋል። ትሎቹ የምግብ ትርፍራፊውን በልተው ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ያደርጉታል። የሚያስቸግራችሁ ኮምፖስቱን ከትሉ ለይቶ መሰብሰቡ ነው። ዛሬ ስለ እሱ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። የምናወራው ኢሴኒያ ፌቲዳ ስለሚባለው ቀዩ የኮምፖስት ትል ነው።

ጥያቄ፦ ኮምፖስቱ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የጎዘጎዛችሁት ወረቀትና ካርቶን ከጠፋ፣ ኮምፖስቱም ጠቁሮ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ከከረፋ ግን ገና ነው፤ ምግብ ወይም ውሃ በዝቶበታል።

ጥያቄ፦ አንድ በአንድ ስለቅም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሌላ መላ የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ። ትል ብርሃን አይወድም፤ በዚያ ተጠቀም። ላስቲክ ዘርጋና ኮምፖስቱን ደማቅ አምፖል ሥር በትንንሹ ከምረው። የክምሩ ጫፍ ሾጠጥ ይበል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስትታገሥ ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ላይ ላዩን በስሱ እየጫርክ አንሳ። ትል ብቅ ሲልብህ አቁምና ወደ ሌላው ክምር እለፍ። ዞረህ እስክትመለስ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ወርደው ይቆዩሃል። መጨረሻ ላይ ከየክምሩ ሥር እርስ በርሱ የተጠላለፈ የትል ጥቅል ታገኛለህ። ፀሐይ ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ አደራ። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል።

ጥያቄ፦ እኔ ትል መንካት ይቀፈኛል። ሳልነካቸው አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኮምፖስቱን ወደ አንድ ጎን ግፊው። ባዶው ጎን ላይ እርጥብ ጉዝጓዝና ምግብ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ምግብ በዚያ በኩል ብቻ ይሁን። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ታገሺ፤ ሲርባቸው ራሳቸው ይሻገራሉ። ጥቂት ቢቀሩ አትጨነቂ። ባለ ፎቅ ሳጥን (ትሪ በትሪ ላይ የሚደረደርበት) ያላችሁም ዘዴው ያው ነው፤ ምግቡን በላይኛው ትሪ ብቻ አድርጉ። የላይኛው ትሪ የታችኛውን ኮምፖስት ካልነካ ግን ትሉ መውጫ ያጣል።

ጥያቄ፦ በወንፊት ብነፋውስ?

መልስ፦ ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ይሠራል። መጀመሪያ ኮምፖስቱ ትንሽ ጠፈፍ ይበል። ወንፊቱን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ፤ በእጅ ማሸት ትሉን ይጎዳዋል። ትል ሲቆረጥ ሁለት ይሆናል የሚባለውን አትመኑ። ጭራው ብቻ ከተቆረጠ የራሱ ወገን ሊድን ይችላል፤ ሁለት ትል ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኮምፖስቱ ውስጥ ጥቃቅን ቢጫ ፍሬዎች አየሁ። የምን ዘር ነው?

መልስ፦ እንዳትጥያቸው! ዘር አይደሉም፤ የትሉ እንቁላል ከረጢቶች ናቸው። ቅርጻቸው ሎሚ ይመስላል፤ መጠናቸው የክብሪት ራስ ያህል ነው። ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ይቀላሉ። ከአንዱ ከረጢት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ልጆች ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መጪውን ትውልድ ከአበባ አፈር ጋር ይደባልቀዋል። በእውነት ያሳዝነኛል። እኔ የሰበሰብኩትን ኮምፖስት ለ3 ወይም 4 ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ላዩ ላይ የሙዝ ልጣጭ ወይም የሀብሐብ ቁራጭ አደርጋለሁ። የተፈለፈሉት ሥሩ ይሰበሰባሉ። ከነልጣጩ አንስቼ ወደ ሳጥኑ እመልሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ከትሎቹ ስንቱን ልስጠው?

መልስ፦ ከግማሽ አትለፍ። ከኖሩበት ኮምፖስትም ሁለት ሦስት እፍኝ ጨምርለት፤ አዲስ ቤት ቶሎ ይለምዳሉ።

ጥያቄ፦ ከሰበሰብኩ በኋላ ትሎቹ በሳጥኑ ግድግዳ እየወጡ ለመሸሽ ይሞክራሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዲሱ ጉዝጓዝ እንግዳ ሆኖባቸው ነው። ከአሮጌው ኮምፖስት ቀላቅይበት፤ ለሁለት ሦስት ሌሊትም ከሳጥኑ በላይ መብራት አብሪ። ካልተዉ እርጥበቱን እዪ። አንድ እፍኝ ስትጨምቂ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ካርቶን ቀድደሽ ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ትል የወጣለትን ኮምፖስት የት ላስቀምጥ?

መልስ፦ አየር በሚያስገባ ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ። ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑት፤ ውስጡ ሕይወት አለ። ስትተክሉበት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ከአፈር ጋር ቀላቅሉት።