መልስ፦ የኢኤስፒ32 ቦርዴ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

ኢኤስፒ32 (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) በኮምፒውተሩ ካልታየ፣ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ። ቀዩ መብራት በርቶ የአርዱዊኖ (ፕሮግራሙን ጽፈው ወደ ቦርዱ የሚጭኑበት ሶፍትዌር) የፖርት፣ ማለትም የመገናኛ በሮች፣ ዝርዝር ባዶ ከሆነ፣ የያዙት የስልክ መሙያ ገመድ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያሳልፍ፣ የመረጃ ሽቦ የሌለው ሊሆን ይችላል። ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በሚያስተላልፍ ገመድ ይሞክሩት።

አሁንም ካልታየ፣ ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቺፕ በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የሚጭኑት ድራይቨር (ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር) የእሷን ነው። በቦርዱ ስም ድራይቨር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ፖርቱ ታይቶ ፕሮግራሙ ሲጫን ነጥብ ብቻ እየደረደረ ካስቸገረ፣ መጻፍ እስኪጀምር «ቡት» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ።

ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፦ የቦርዱ እግሮች (ሽቦ የሚገናኝባቸው ፒኖች) የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ አያገናኙበት፤ እግሩ ተቃጥሎም ቀዩ መብራት ስለማይጠፋ፣ ሰው ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።