ጃኬቱን ችሎት ፊት አታስለኩት

እህቴ፣ አብሽሪ። ወንድምሽ በነፍስ ግድያ ተከስሷል፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው አልቀዋል፤ መዝገቡ ለብይን፣ ማለትም የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይበቃል ወይስ አይበቃም ለሚለው ውሳኔ፣ ተቀጥሯል። ደም ያለበት ጃኬት በኤግዚቢትነት ቀርቧል፤ እርሱን ግን ይጠበዋል። «እንደ ኦ.ጄ. ሲምሰን ጓንት ችሎት ፊት ይለካልን እንበል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ አሜሪካ ውስጥ በግድያ ተከስሶ፣ በደም የተነከረ ጓንት ማስረጃ የሆነበትን ሰው ማለትሽ ነው። አትበሉ። ታናሽ ወንድሜ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540፣ በተራ የሰው ግድያ፣ ተከስሶ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ ስለኖርኩ ነው የምነግርሽ።

አንደኛ፣ ያ ጓንት እንዲለካ የጠየቀው የተከሳሹ ወገን አልነበረም። ዐቃቤ ሕጉ ክሪስቶፈር ዳርደን ነው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1995። ሲምሰን ከሥር ስስ የላስቲክ ጓንት አድርጎ የቆዳውን ሲያጠልቅ ጠበበው፤ ውጤቱን ሳያውቅ ያስለካው ሰው በገዛ እጁ ክሱን ጎዳ። እናንተም ልትቆሙ ያሰባችሁት በዳርደን ቦታ ላይ ነው። ወንድምሽ ከታሰረ ስንት ወር ሆነው? የእኔ ወንድም በስድስት ወር ውስጥ ቀበቶውን ሦስት ቀዳዳ አጥብቋል። የከሳ ሰው የጠበበው ጃኬት ልክ ቢሆንለት ምን ልትሉ ነው?

ደግሞ እዚያ የፈረዱት 12 ተራ ዜጎች ናቸው፤ አራት ሰዓት ባልሞላ ምክክር ነጻ አወጡት። እኛ ዘንድ የሚፈርዱት ዳኞች ናቸው፤ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ያሰፍራሉ። ትዕይንት አያሳምናቸውም።

ሁለተኛ፣ የሲምሰን ጠበቆች የደከሙት ማስረጃው በመጣበት መንገድ ላይ ነው። መርማሪው ፊሊፕ ቫናተር ከተከሳሹ የተቀዳውን ደም ወዲያው በማስረከብ ፈንታ ይዞት ወደ ተከሳሹ ቤት ሄደ። ደሙን የቀዳው ነርስ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ እንደ ቀዳ ተናግሮ ነበር፤ ጠበቆቹ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህሉ የት ገባ፣ ማስረጃው ላይ ተረጭቶ ይሆናል ብለው ያዙ። ከተከሳሹ ግቢ ጓንቱን አገኘሁ ያለው ማርክ ፈርማንም ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ባለፉት አሥር ዓመታት ከአፌ አልወጣም ብሎ ከማለ በኋላ ድምፁ በካሴት ተሰማ። እናንተም ጃኬቱን ማን አነሳው፣ ማን ፈረመ፣ በስንት ቀን መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ ለምርመራ ሲላክ ታሽጎ ነበር ወይ በሉ።

ሦስተኛው የመከላከያ ምስክር ጉዳይ ነው፤ እኛ የተቃጠልነው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ በዚያ ምሽት ለቅሶ ቤት ነበር። እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ሰባት ዘመድ ቆጠርንና በቀጠሮው ዋዜማ እኔ ቤት ሰበሰብኳቸው። ቡና አፍልቼ፣ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ ብዬ አንድ በአንድ አስጠናኋቸው። በማግስቱ ሁሉም «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት» አሉ፣ በአንድ ቃል። ዐቃቤ ሕጓ በመስቀለኛ ጥያቄ ሰዓቱን አልነካችም። ድንኳኑ ውስጥ የት ጋ ተቀምጦ ነበር አለቻቸው። ግማሹ ምሰሶው ሥር አለ፣ ግማሹ በር ላይ። አጎታችን ግራ ሲገባቸው «እንደ ተነጋገርነው ነው» አሉ። የመሐል ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ። እውነቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

ለይግባኝ የመዝገቡን ግልባጭ ልወስድ ስሄድ ደግሞ አንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሥራ አንድ ቀን «ነገ ተመለሽ» አለኝ። የይግባኝ ቀን እየተቆጠረብኝ፣ ከንፋስና ከዝናብ ጋር ተደርድሬ! አንድ ቀን ቀና ብሎ ሳያየኝ «የነፍሰ ገዳይ ቤተሰብ ይቸኩላል» አለ። አልመለስኩለትም፤ ግን አልረሳሁትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግልባጩን ይዤ ወጣሁና ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። ቢላዋው ከወንድሜ ቤት ተገኘ የተባለው ሐሙስ ነው፤ የኤግዚቢት መዝገቡ ግን ማክሰኞ ገቢ ሆነ ይላል፣ ሁለት ቀን ቀድሞ። ጠበቃችን ያላየውን እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቢላዋውን አልተቀበለውም። ወንድሜ ከሁለት ዓመት በላይ ታስሮ በነጻ ተለቀቀ።

ስለዚህ እህቴ፣ ብይኑ ሳይሰጥ ምንም ይዛችሁ አትሩጡ። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልበቃ ወንድምሽ መከላከል ሳያስፈልገው ይሰናበታል። የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ይከላከል ከተባለ በ142 ምስክር ታቀርባላችሁ፤ ያኔም ከሰባት ይልቅ ሁለት ይበቃል፣ ቢቻል ዘመድ ያልሆነ። ያዩትን በራሳቸው አፍ ይናገሩ፤ እባክሽ ቡና አፍልተሽ አታስጠኚያቸው።

አሁን ነገ ጠዋት ሄደሽ የጃኬቱን መረካከቢያ ወረቀትና የምርመራ ውጤቱን ግልባጭ በጠበቃችሁ በኩል ጠይቂ። ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊያቸው። የሚጋጭ ካገኘሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ በየትኛውም ሰዓት እመልስልሻለሁ።