የመርሳት በሽታ ሳይጀምረኝ አስቀድሜ ልመርመር ወይስ ለእግዚአብሔር ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። 47 ዓመቴ ነው። እናቴ 71 ዓመት ሲሆናት አልዛይመር እንዳለባት ሐኪም ነገረን፤ የእርሷ ወንድምም በስተርጅናው በዚሁ ሕመም ነው ያረፈው። ወንድሜ በምራቅ የሚሠራ የቤት መመርመሪያ ገዝቶ «ወደፊት ይይዘን እንደሆነ እንወቀው» ይለኛል። እኔን ግን ጠንቋይ ቤት ሄዶ የነገን እንደመጠየቅ ሆኖ ይሰማኛል። ዝም ብዬ ብቀመጥ ደግሞ ልጆቼን የምጎዳ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅታችን፣ መጀመሪያ ፍርሃትዎን እንይ። በዘዳግም 18 ጥንቆላ የተከለከለው ሰው ከእግዚአብሔር ፊቱን አዙሮ ስውሩን ነገር ከሌላ መንፈስ ስለሚፈልግ ነው። ንጉሥ ሳኦል ዓይንዶር ድረስ ወደ መናፍስት ጠሪዋ ሴት የሄደው ለዚህ ነበር። የሐኪም ምርመራ ግን እግዚአብሔር በፈጠረው ሥጋ ውስጥ ያለውን ማየት ነው፤ መንፈስ አይጠራበትም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምረናል። በኢሳይያስ 38 ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ «ቤትህን አስተካክል» ተብሎ መጨረሻው አስቀድሞ ተነገረው። እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ በዘመኑም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። በዚያው ምዕራፍ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዟል። ጸሎቱም፣ መድኃኒቱም፣ ቤትን ማስተካከሉም በአንድ ምዕራፍ አብረው ተጽፈዋል። እንግዲህ ቢመረመሩ ኃጢአት የለበትም።

ኃጢአት የለበትም ማለት ግን ግዴታ ነው ማለት አይደለም። «ምርመራ» የሚባለውም አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ወንድምዎ የገዙት የትኛውን እንደሚያይ ማወቅ ይገባዎታል።

በምራቅ የሚሠራው የቤት መመርመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አፖኢ የተባለውን ዘረመል፣ በተለይም አፖኢ 4 የተባለውን ዓይነት ነው። ይህን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ከፍ እንደሚል ይነገራል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። እነዚህ ቁጥሮች በብዛት የተገኙት ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ጥናት ነው፤ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የዚህ ዘረመል ጫና ቀለል ብሎ ታይቷል። ደግሞም ዘረመሉ እያለባቸው እስከ እርጅና አእምሯቸው ሳይጎድል የሚያርፉ ብዙዎች ናቸው፤ ሳይኖርባቸው የሚታመሙም ብዙዎች። ስለዚህ ውጤቱ «ይይዝሻል» ወይም «አይይዝሽም» ብሎ አይነግርዎትም። ሰው «አለብሽ» ሲባል እንደ ሞት ፍርድ ይቆጥረዋል፣ «የለብሽም» ሲባል ደግሞ የደም ግፊቱን መከታተል ይተዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ከወላጅ ወደ ልጅ በ50 በመቶ ዕድል የሚተላለፍ፣ የወረሰውንም ሰው በአብዛኛው ከ65 ዓመት በፊት የሚያሳምም ሌላ ዓይነት አለ። እርሱ ግን ከጠቅላላው የአልዛይመር ሕመም ከ1 በመቶ በታች ነው። የእናትዎ ሕመም በ71 ዓመት ስለታወቀ፣ የአጎትዎም በእርጅና ስለሆነ፣ የእርስዎ ቤት ነገር ይህን አይመስልም። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ የታመሙ ዘመዶች ያሉት ቤተሰብ ቢሆን ምክሬ ሌላ ነበር፦ በመጀመሪያ የዘረመል አማካሪ ዘንድ መሄድ፣ ከተቻለም ጤነኛው ሳይሆን የታመመው ዘመድ አስቀድሞ እንዲመረመር ማድረግ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአዋቂነት ዕድሜ ለሚመጣ ሕመም አይመረመሩም፤ አድገው ራሳቸው እንዲመርጡ ይተውላቸዋል።

ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው የአልዛይመር የደም ምርመራ ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው። ታው እና አሚሎይድ የተባሉትን ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ይለካል። ምልክት ለሌለባት የ47 ዓመት ሴት አልተፈቀደም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ምልክት ከሌለብዎ የዘረመሉን ምርመራ ቢተዉት ምንም አይጎድልብዎትም። ውጤቱ ቢመጣ ከሚያደርጉት ነገር ውስጥ፣ ሳይመረመሩ ዛሬ ማድረግ የማይችሉት ምን እንዳለ ራስዎን ይጠይቁ። ለአብዛኛው ሰው መልሱ «ምንም» ነው። አፖኢን ማወቅ በግልጽ የሚጠቅምበት ጊዜ ሕመሙ ጀምሮ ሐኪም ለካነማብ ወይም ዶናነማብ ሊያዝ ሲል ነው። እነዚህ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኙት በ2023 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሕመሙን ያዘገያሉ እንጂ አይፈውሱም፤ የሚሰጡትም በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። አፖኢ 4ን ከሁለቱም ወላጆች በወረሰ ሰው ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት የማስከተል አደጋቸው ይጨምራል።

ምልክት ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ መዘግየት ሰውን መበደል ነው። ቁልፍ መርሳት ምልክት አይደለም። የሚያውቁት መንገድ ሲጠፋ፣ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ ሲመጣ፣ ሂሳብ መክፈል ወይም የለመዱትን ወጥ መሥራት ሲያቅት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የመርሳት በሽታ የሚመስል ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ ወድቆ በጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ ለእንቅልፍ ወይም ለአለርጂ የሚወሰድ ዳይፈንሃይድራሚን ሁሉ አእምሮን ያደበዝዛሉ፤ ቀድሞ ከተደረሰባቸውም ይታከማሉ።

ለእኛ ጾመኞች አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው። አጽዋማቱን ሁሉ አጥብቀው በሚጾሙ እናቶች፣ በተለይም ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት በወሰዱት ላይ፣ ቢ12 ሊያንስና መርሳትን፣ የእግር መደንዘዝን ሊያመጣ ይችላል። መጠኑ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በኪኒን ወይም በመርፌ ይተካል። መድኃኒት መውሰድ ጾም መግደፍ አይደለምና እናትዎ «ጾሜን ያበላሽብኛል» ብለው እንዳይተዉት የንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። እናትዎን ሲያስመረምሩ ደግሞ በአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በማይመቻቸው ቋንቋ ሲጠየቁ ውጤታቸው ከእውነተኛው አቅማቸው በታች ይሆናል። ልጅ ሲያስተረጉምም በፍቅር መልሱን ያቀብላል፤ ያኔ ሐኪሙ ይሳሳታል።

ሁሉን ካሰቡ በኋላ እንመርመር ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጤና መድንና ቀጣሪ በዘረመል ውጤት እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት መድንን፣ የአካል ጉዳት መድንንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ግን አይነካም። እነዚህን መግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይግዛ፤ ይህ ማታለል አይደለም። ከተመረመረ በኋላ ቅጹ ላይ ተጠይቆ መዋሸት ግን ኃጢአት ነው። ውጤቱ የወንድምዎን ገበና የእርስዎም ገበና ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሳይከፍቱት በፊት ለማን እንደሚነገርና ለማን እንደማይነገር ተስማሙ። ማወቅ የማይፈልግ ሰውም መብቱ ይጠበቅለት።

«ቤትህን አስተካክል» የተባለውን ለመፈጸም ምርመራ አያስፈልግም። የጤና ውክልናና የገንዘብ ውክልና ዛሬ፣ አእምሮ ሙሉ ሳለ ይፈረም። የአሜሪካው የገንዘብ ውክልና ሰው ችሎታውን ቢያጣም ጸንቶ የሚቆይ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ቤት ካለዎት ደግሞ ይጠንቀቁ፦ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው፤ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ሰውነትንም መጠበቅ ነው፤ የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልን፣ የጆሮን የመስማት አቅም መከታተል፣ በእግር መሄድ፣ ሲጋራና ብዙ አልኮል መተው። ሊከላከሏቸው የሚቻሉ የመርሳት በሽታ መንስኤዎች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

ንስሐንም ለነገ አያቆዩት። ሰው የሠራውን አስታውሶ፣ በራሱ አፍ ለንስሐ አባቱ መናገር የሚችልበት ጊዜ ጸጋ ነው። አቡነ ዘበሰማያትንና ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ማድረስም እንዲሁ፤ ስም የጠፋባቸው አረጋውያን ከልጅነት የለመዱትን ጸሎት ሲሰሙ አብረው ሲሉ ይታያል። ለእናትዎ ማታ ማታ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያድርሱላቸው።

እናትዎን ጸበል ለመውሰድ ቢያስቡ መልካም ነው፤ መድኃኒታቸውን ግን አያቋርጡ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለዚህም ሕመም ምክሩ ያው ነው። አእምሮ ጎድሏል ብሎ ከቅዱስ ቁርባን ማራቅም አይገባም፤ የ40 ቀን ወንድና የ80 ቀን ሴት ሕፃን ምሥጢሩን ሳይረዱ ይቆርባሉና። ቀድመው ለካህኑ ይንገሩ፤ በተለይ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ፣ ወይም ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት የሚከብዳቸው ከሆነ፣ ካህኑ አይቶ ይወስናል። ቤት መጥቶ ጸሎተ ቀንዲል እንዲያደርስላቸውም ይጠይቁ። በቤት ውስጥ ደግሞ ሲራክ በምዕራፍ 3 የወላጁ አእምሮ ቢጎድል ልጅ ይታገሥ ያለውን ይያዙ፤ «አሁን ነገርኩሽ እኮ» ማለትን ትተው፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ይመልሱላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።