ድራይቭዌይና ሳይድዎክ፦ በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ለገዛችሁ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ድራይቭዌይ (ከመንገድ ወደ ቤት የሚያስገባው የመኪና መግቢያ) ፐርሚት ትንሽ ስጽፍ ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ እዚህ አገር የመንገድ ዳር ስራ ላይ ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ፕላን አያለሁ፣ ሳይት ወጥቼ እለካለሁ፣ ብዙ አበሻ ወገኖቼ ደሞ ስራው ካለቀ በኋላ አፍርሱ ሲባሉ አይቼ አንጀቴን ስለሚበላኝ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ድራይቭዌዩ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሁለት እንዲያቆም ማስፋት ፈልጌ ነበር። የራሴ ግቢ ላይ ለምንድነው ፐርሚት የምጠየቀው?

ወንድሜ ሁሉም የራስህ ግቢ አይደለም፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው። ከቤትህ ወደ መንገዱ ስትወጣ ሳር አለ፣ ሳይድዎክ ማለትም የእግረኛው መንገድ አለ፣ ከዛ ትንሽ የሳር ቁራጭ፣ ከዛ ከርብ የሚሉት ከፍ ያለው የአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከዛ አስፋልት። አብዛኛውን ጊዜ ያንተ መሬት የሚያልቀው ሳይድዎኩ ጋ ከመድረስህ በፊት ነው፣ ሳሩን የምታጭደው አንተ ብትሆንም መሬቱ ግን የመንገዱ ነው፣ ራይት ኦፍ ዌይ የሚሉት እሱ ነው። ስለዚህ ከሳይድዎኩ እስከ አስፋልቱ ያለችውን የድራይቭዌይ ክፍል፣ ኤፕረን የሚሏትን፣ ለመንካት የመንገዱን ባለቤት ማስፈቀድ አለብህ። ግቢህ ውስጥ ያለውም ቢሆን የፊት ለፊቱን ሳር ሙሉ በሙሉ ኮንክሪት ማድረግ አይቻልም፣ ዞኒንግ የሚሉት የመሬት አጠቃቀም ደንብ ገደብ አለው፣ የዝናብ ውሃ ክፍያውም ውሃ በማያሰርገው ስፋት ልክ ነው የሚሰላው።

መንገዱ የማነው ለሚለው፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የሰፈር መንገድ ከሆነ የካውንቲው የፐርሚት ቢሮ ነው የምትሄደው። ቤትህ ጆርጂያ አቬኑ ወይ ኮልስቪል ሮድ ላይ ከሆነ ግን መንገዱ የስቴቱ ስለሆነ የስቴቱ የመንገድ መስሪያ ቤት፣ ስቴት ሃይዌይ ጋ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደሞ፣ ፌርፋክስ ውስጥ የሰፈር መንገዱ ሳይቀር በአብዛኛው የስቴቱ ነው፣ ቪዶት የሚባለው የቨርጂኒያ የትራንስፖርት መስሪያ ቤት ጋ ነው የምትሄዱት፣ አርሊንግተን ግን መንገዱን ራሱ ነው የሚያስተዳድረው፣ አሌክሳንድሪያም እንደዚሁ። ዲሲ ትንሽ ለየት ይላል፣ ብዙ ሰፈር የቤቱ የፊት ግቢ ራሱ የከተማው መሬት ስለሆነ አጥርና ደረጃ እንኳን ሳትጠይቅ አትሰራም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቤት ስትገዛ ክሎዚንግ ላይ የሚሰጡህ የቤቱ ስዕል፣ ሎኬሽን ድሮዊንግ የሚባለው፣ ወሰን ለመለየት አይሆንም። ለባንኩ ቤቱ የት ጋ እንዳለ ማሳያ ነው። ትክክለኛ ወሰን የምትፈልግ ከሆነ ባውንደሪ ሰርቬይ አስደርግ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ አዲስ ያስፈሰስነውን ኤፕረን ኢንስፔክተሩ መጥቶ አፍርሱ አለን። ኮንትራክተሩ "ልዩነቱ አንድ ኢንች ቢሆን ነው፣ ሰውየው ሆን ብሎ ነው" ይለኛል። እውነት በአንድ ኢንች ይፈረሳል?

እህቴ ገንዘብሽ ስለሆነ አዝናለሁ፣ ግን ኢንስፔክተሩ ትክክል ይመስለኛል፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ በደንብ ላስረዳሽ ምክንያቱም የዛሬውን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይሄን ነው።

ሳይድዎክ ድራይቭዌይ ላይ ሲደርስ አያቆምም። ድራይቭዌዩ ነው ሳይድዎኩን የሚያቋርጠው እንጂ ሳይድዎኩ ድራይቭዌዩን አይደለም። ስለዚህ እግረኛው የሚያልፍበት ቢያንስ 4 ጫማ ስፋት ያለው ሰቅ ወደ ጎን መዘንበል የሚችለው ከ48 አንድ ብቻ ነው፣ 2.1 ፐርሰንት ማለት ነው። እንዴት ትለኪዋለሽ? 2 ጫማ የሆነ ውሃ ልክ ውሰጂ፣ ሳይድዎኩ ላይ ከቤት ወደ መንገድ አቅጣጫ አስተኚው፣ ዝቅ ያለውን ጫፍ አረፋው መሀል እስኪገባ ድረስ አንሺው፣ ከስሩ የተፈጠረው ክፍተት ግማሽ ኢንች ነው መሆን ያለበት ቢበዛ። ሜትር ከሌለሽ 7 ኳርተር ደራርቢና አስገቢ፣ ግማሽ ኢንች ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። 7ቱ ገብተው ገና የሚላወሱ ከሆነ በዝቷል። ስለዚህ በዚች ሁለት ጫማ ላይ አንድ ኢንች ልዩነት ማለት ከ4 ፐርሰንት በላይ ነው፣ የተፈቀደው እጥፍ።

በእግሩ ለሚሄድ ጤነኛ ሰው ምንም አይመስልም። እናቴ ዎከር፣ እየገፉ የሚሄዱበትን መደገፊያ፣ ነው የምትይዘው፣ አንድ ቀን ማታ አብረን ወክ ስናደርግ እንደዚህ የተዘነበለ ድራይቭዌይ ላይ ስንደርስ የዎከሩ የፊት ጎማዎች ቀስ ብለው ወደ አስፋልቱ ዞሩ፣ እሷ ወደፊት ትገፋለች ዎከሩ ወደ መንገድ ይሄዳል፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ ባልይዛት መሀል መንገድ ነበረች። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ደሞ በአንድ እጁ ብቻ ነው እየታገለ የሚያልፈው። እና በአንድ ብሎክ ላይ አስር ድራይቭዌይ ካለ አስር ጊዜ።

ኮንትራክተሮች ለምን ይሳሳታሉ? ከርቡ 6 ኢንች ገደማ ነው ከፍታው። ኤፕረኑ ከአስፋልቱ ተነስቶ ሳይድዎኩ ጋ እስኪደርስ 5 ኢንች ምናምን መውጣት አለበት። በከርቡና በሳይድዎኩ መሀል ያለው ሳር 4 ጫማ ከሆነ 10 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል፣ መኪና በደንብ ይወጣዋል። ሳሩ 2 ጫማ ብቻ ከሆነ ግን 20 ፐርሰንት አለፈ፣ ባምፐር ይፍቃል፣ ያኔ ኮንትራክተሩ ምን ያደርጋል፣ ዳገቱን ወደ ሳይድዎኩ ያስገባዋል። ስህተቱ እዛች ጋ ነው የሚፈጠረው። ትክክለኛው መፍትሄ ሳይድዎኩን በሙሉ ግራና ቀኙን ዝቅ አድርጎ ድራይቭዌዩ ላይ ሜዳ ማድረግ ነው፣ 3 ኢንች ዝቅ ለማድረግ በየጎኑ 3 ጫማ ርዝመት ይበቃል፣ ከ12 አንድ ነው ለራምፕ የሚፈቀደው። ሳሩ ጭራሽ ከሌለና ሳይድዎኩ ከከርቡ ጋር የተጣበቀ ከሆነም እንደዚሁ ነው፣ ወይ ደግሞ ቦታ ካለ ሳይድዎኩን ወደ ውስጥ ማዞር።

ለሚቀጥለው፣ እባካችሁ ኮንክሪቱ ከመፈሰሱ በፊት ፎርሙ፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበት የእንጨት ቅርጽ፣ እንደተገጠመ ኢንስፔክተር ይጠራ። እንጨት ማስተካከል አስር ደቂቃ ነው። አንቺ ደሞ ኮንትራትሽን አውጪና አንብቢ፣ ፐርሚቱ በኮንትራክተሩ ስም ከሆነና በካውንቲው ስታንዳርድ እሰራለሁ ብሎ ከፈረመ ማፍረሱም ማስተካከሉም የሱ ወጪ ነው። ቀሪ ክፍያ ካለሽ ኢንስፔክሽን እስኪያልፍ አትክፈይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። ከቤታችን ፊት ያለው ሳይድዎክ የዛፍ ስር አንስቶት ተሰብሯል። እኛ ነን የምናሰራው?

አይደለም፣ ሞንጎመሪም ዲሲም ከሆናችሁ ሳይድዎኩን የሚጠግነው መንግስት ነው፣ የአካባቢው መንግስት የአገልግሎት ስልክ 311 ላይ ይደውሉ። ሲደውሉ "ሳይድዎክ ተሰብሯል" ብቻ አይበሉ፣ "ዊልቸር የሚጠቀም ሰው እዚህ ቤት ይኖራል፣ ማለፍ አልቻለም" ብለው ያስመዝግቡ፣ የጥያቄውን ቁጥር ይያዙ፣ ከፍታውን በማስመሪያ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ልኬቱ እንዲህ ነው፣ ሁለት የኮንክሪት ቁራጮች መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ ሩብ ኢንች ይፈቀዳል፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ከሆነ ጠርዙ ተቆርጦ ስላንት መደረግ አለበት፣ ከዛ በላይ ግን አይቻልም።

እና እናቴ፣ ይሄ ልመና አይደለም መብት ነው። ኤዲኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ህግ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የወጣው፣ ካሊፎርኒያ ደሞ ሳክራሜንቶ ከተማ ሳይድዎክ በህጉ አይሸፈንም ብላ ተከራክራ በ2002 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይሸፈናል ብሎ ወስኗል። ሎስ አንጀለስ እንደዚሁ ተከሳ ለ30 አመት የሚቆይ 1.4 ቢሊየን ዶላር ለሳይድዎክ ጥገና ለማውጣት ተስማምታለች። 50ና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለው ማንኛውም የአካባቢ መንግስት የኤዲኤ ጉዳይ የሚከታተል ሰውና የአቤቱታ ስርአት እንዲኖረው ህጉ ያዛል። 311 ምላሽ ካጡ ወደዚያ በጽሁፍ ያመልክቱ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላሉ፣ አማርኛ ዲሲም ሞንጎመሪም የታወቀ ቋንቋ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዴንቨር ነኝ፣ እዚህ ባለቤቱ ነው የሚጠግነው ብለውኝ ነበር?

ድሮ ልክ ነበር። በ2022 ህዝቡ ድምጽ ሰጥቶ ጥገናውን ከተማው እንዲወስደውና ባለቤቶች ክፍያ እንዲከፍሉ ተለውጧል። ሲያትል ያላችሁ ግን አሁንም ከቤታችሁ ፊት ያለው ሳይድዎክ ሀላፊነት የናንተ ነው። ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ደሞ ሌላ ከተማ ስለሆነች የዴንቨሩ አይመለከታትም፣ እዛው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰውዬ በር አንኳኩቶ "እዚህ ሰፈር ስንሰራ የተረፈ አስፋልት አለን፣ ዛሬውኑ በግማሽ ዋጋ ላልብስልህ" አለኝ። ጥሩ ነገር ነው?

አይሆንም! በፍጹም። ይሄ የታወቀ ማጭበርበር ነው። አስፋልት በትኩሱ የሚሰራ ነገር ነው፣ በደንብ የሚሰራ ሰው ልክህን አስልቶ ነው የሚያዘው እንጂ መኪና ሙሉ ተርፎት ቤት ለቤት አይዞርም። ስስ አድርገው አፍስሰው ይሄዳሉ፣ በመጀመሪያው ክረምት ይሰነጠቃል፣ ስልኩ አይሰራም። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሰራ ሁሉ የስቴቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን የሚሰጠው ኤም ኤች አይ ሲ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፣ ቁጥሩን ተቀበልና የስቴቱ ድረገጽ ላይ ፈልገው። ቀብድ ደግሞ ከጠቅላላ ዋጋው ከሲሶ በላይ መቀበል በህግ አይፈቀድለትም። ግማሹን አምጣ ካለህ እዛው በሩን ዝጋ። የሚቆፈር ነገር ካለም 811 መደወሉን አረጋግጥ፣ ነጻ ነው፣ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ያሰምራሉ።

ጥያቄ፦ ድራይቭዌዩን ለማስፋት አንድ ዛፍ መንገድ ላይ ቆሞብኛል፣ በራሴ ልቁረጠው?

ዛፉ ሳይድዎክና ከርብ መሀል ካለ አትንካው። ሜሪላንድ ለመንገድ ዳር ዛፍ ብቻ የወጣ ህግ አላት፣ ከ1914 ጀምሮ፣ ቅርንጫፍ ለመመልመል እንኳን ፐርሚት ይጠይቃል። ኤፕረኑን ወደ ሌላው ጎን ማስፋት ይቻል እንደሆነ እየው።

ጥያቄ፦ ለቅሶ ወይ ክርስትና ሲኖር እንግዶች ድራይቭዌይ ላይ ደርበው ያቆማሉ፣ ጎረቤት ቅር አለው። ግቢዬ ውስጥ እስከሆነ ምን ችግር አለው?

የመኪናው ቂጥ ሳይድዎኩ ላይ ከወጣ ግቢህ ውስጥ አይደለም፣ ቲኬትም ያስቆርጣል። ሲየና የሚባለው የቶዮታ ቫን ርዝመቱ 17 ጫማ ገደማ ነው፣ ከጋራዡ በር እስከ ሳይድዎኩ 16 ጫማ ከሆነ ሁልጊዜ ይወጣል ማለት ነው። አዲስ ሰፈር ሲሰራ 20 ጫማ አካባቢ የሚተወው ለዚህ ነው። ሀዘን ላይ ያለ ሰው ይሄን ማሰብ አይችልም፣ ስለዚህ ከቤተሰቡ ወይ ከእድሩ አንድ ጎረምሳ ውጪ ቆሞ መኪና ቢያስተናብር ለሁሉም ጥሩ ነው። ጋሪ የምትገፋ እናት በመኪናችን ምክንያት አስፋልት ላይ መውረድ የለባትም።

ጥያቄ፦ በረዶስ? አዲሱ ኮንክሪቴ ላይ ጨው ልበትን?

ሞንጎመሪ በረዶው ካቆመ በ24 ሰአት ውስጥ፣ ዲሲ ካቆመ በኋላ ባሉት 8 የቀን ብርሃን ሰአታት ውስጥ ሳይድዎኩን መጥረግ ያንተ ግዴታ ነው፣ ጥገናው የመንግስት ቢሆንም። አዲስ ኮንክሪት ላይ ግን የመጀመሪያውን ክረምት ጨው አታድርግ፣ ፊቱን ይልጠዋል። አሸዋ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መንገድ ማቋረጫ ላይ ያሉትን ቢጫ፣ እብጥ እብጥ ያሉ ነጥቦች ያሉባቸውን ሳህኖች ድራይቭዌዬ ላይ ላስገጥም? ለዓይነ ስውራን ይጠቅማል ብዬ ነው።

ልብህ ጥሩ ነው፣ ግን ተው። እነዚያ ሳህኖች ለእግረኛው የሚነግሩት "እዚህ ጋ የእግረኛው መንገድ አልቆ የመኪና መንገድ ጀመረ" ነው። የቤት ድራይቭዌይ ላይ ሳይድዎኩ አያልቅም ብዬሃለሁ፣ ስለዚህ በዱላ የሚሄድ ሰው መስቀለኛ መንገድ የደረሰ ይመስለውና ይሳሳታል። ልትጠቅም ከፈለግክ ድራይቭዌይህ አፍ ላይ ያለውን ቁጥቋጦ አሳጥረው፣ ሪቨርስ ስታደርግ ህጻን እንድታይ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቤት እያሰራሁ ነው፣ መሀንዲሱ የቤቱን ወለል ከመንገዱ ከፍ አድርጎታል። መኪና እንዲገባ ከበሩ ውጪ ራምፕ ይፈሰሳል አሉኝ። ልክ ነው?

ሁሉም ሰው እንደዛ ስለሚያደርግ ነው የሰፈራችን የእግረኛ መንገድ መሰላል የሆነው። ከበር ውጪ የሚፈሰሰው ራምፕ እግረኛውን አስፋልት ላይ ያወርደዋል፣ ከዛ የባሰው ደግሞ ቦዩን ይደፍነዋል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ወይ ወደ ጎረቤትህ ወይ ወደ አንተው ግቢ ይገባል። ወለሉን ከፍ ማድረጉ ጥሩ ነው፣ ለጎርፍ። ከፍታውን ግን ከአጥርህ ውስጥ ጨርሰው። በሩን የእግረኛው መንገድ ልክ ላይ አስቀምጥና ራምፑ ከበሩ ወደ ውስጥ ይጀምር፣ መኪናው ቆሞ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቅበት ቦታ ከፈለግክ ደሞ በሩን ራሱን ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ አስገባው። የመኪና ማቆሚያ ቦታህ ትንሽ ያጥራል። ቦዩ ላይ የሚያልፈውን ደሞ በሚነሳ የብረት ወይ የኮንክሪት ክዳን አሰራው፣ ሊጠረግ እንዲችል። ፕላኑን ከላክልኝ ከፍታዎቹን አየት አድርጌ እነግርሃለሁ፣ መሰረቱ ከመውጣቱ በፊት ግን ይሁን።