የአባቴን መድኃኒት በአሻራ ሊወስዱብን ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ነው። አባቴ ከአያቱ የተማረውን መድኃኒት ለሰውም ለከብትም ይሰጣል። ተመራማሪዎች ነን ያሉ ሰዎች መጥተው ድምፁን ቀዱ፤ ሥሩንም ቆፍረው ወሰዱ። አሁን ደግሞ «መብቴን ሁሉ ለአጥኚው አስተላልፌአለሁ» የሚል ወረቀት ላይ አሻራህን አድርግ እያሉት ነው። ስለ ነባር ሕዝቦች መብት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ ያስጥለናል?

መልስ፦ የሥሩን ስም ከጥያቄዎ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አባትዎ ሳይፈቅዱ አደባባይ የማወጣው አይደለም።

መግለጫው እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀ ነው፤ አንቀጽ 31 ባህላዊ ዕውቀትን ይጠብቃል። ግን አስገዳጅ ስምምነት አይደለም፤ ኢትዮጵያም ድምፅ ሲሰጥበት አልነበረችም። በዚያ ላይ «ነባሩ ማን ነው?» የሚል የማያልቅ ሙግት ውስጥ ይከትዎታል። እኔ ብሆን የምይዘው ስለ ጄኔቲክ ሀብት (ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ዘር) እና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣውን የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ነው። እሱ ነባርነትን አይጠይቅም፤ ዕውቀቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የዳበረ መሆኑ ይበቃዋል።

በአዋጁ መሠረት ዕውቀቱንም ሥሩንም ለመውሰድ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዕውቀቱ ደግሞ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ፣ ነገሩን አውቆ መስማማት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ «ፈቃዳችሁን አሳዩን» በሏቸው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ሥርዓቱ ይቀልላቸዋል እንጂ ፈቃዱ አይቀርላቸውም። ያለ ፈቃድ መውሰድ ያስቀጣል።

«የቤተሰብ ምስጢር ነው እንጂ የማኅበረሰብ አይደለም» ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ይህ በእርግጥ ያከራክራል። ግን አዋጁ የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚለየው በማኅበረሰቡ ልማድ ነው ስለሚል፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ቃል ክብደት አለው። የማኅበረሰቡ ከሆነ ደግሞ አባትዎ ብቻቸውን «አስተላልፌአለሁ» ሊሉበት አይችሉም። አለመመዝገቡ ወይም ታትሞ መውጣቱ መብቱን አያስቀርም። ለጎረቤት መስጠታቸውን ይቀጥሉ፤ በልማድ የሚደረገውን መለዋወጥ አዋጁ አይነካውም።

የጤፍን ነገር ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ። በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ግን ከዚያም በኋላ ጸንቶ ቆይቶ፣ በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። መንግሥት የፈረመው ውል ይህን ያህል ካንገላታ፣ ያቺን የአሻራ ወረቀት አስቡት!

አባትዎ አሻራ አያድርጉ። ማን እንደመጣ፣ መቼ፣ ምን ያህል ሥር እንደተቆፈረና ማን እንዳየ ዛሬውኑ ጽፋችሁ፣ ከወረቀቱ ቅጂ ጋር ለቀበሌውና ለኢንስቲትዩቱ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩን መቀበል አትርሱ።