እስር ቤታቸው የት ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ሜልቦርን ነው። ልጄ ድሮ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ በመርከብ ስለተጋዙ እስረኞች ፕሮጀክት ስሩ ተብሎ መጣና "እማዬ እስር ቤታቸው የት ነበር?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። እኔ የሚታየኝ በሰንሰለት ታስረው ድንጋይ ሲፈልጡ ነው፣ እውነት ሁሉም እንደዛ ነበሩ?

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅሽ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ እስር ቤት ውስጥ አልኖሩም። በ1788 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የመጀመሪያዎቹ 11 መርከቦች ሲደርሱ ግንብም አጥርም አልነበረም፣ ባህሩና ርቀቱ ይበቃ ነበር። ከዛ እስከ 1868 ድረስ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተጋዘ፣ ብዙው በስርቆት፣ 7 ወይ 14 ዓመት አለያም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት።

ብዙዎቹ ለገበሬና ለበግ አርቢ ነበር የሚሰጡት። ጌታው ያበላል፣ ያለብሳል፣ ደሞዝ የመክፈል ግዴታ ግን የለበትም። እኔን ሁሌ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ወንጀል እኩል ተፈርዶባቸው አንዱ ደህና ሰው ቤት ገብቶ ጠግቦ ሲያድር ሌላው ክፉ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ቅጣቱን የሚወስነው ዕጣው ነበር ማለት ነው። ጌታው ራሱ መግረፍ አይፈቀድለትም፣ ዳኛ ፊት ነው የሚያቀርበው፣ ዳኛው ግን ብዙ ጊዜ እሱም ግዞተኛ የሚያሰራ የዛው አካባቢ ባለመሬት ነው፣ እና "ሰነፈ፣ ተሳደበ" ከተባለ በቃ ጅራፍ ይታዘዝበታል።

አንቺ ያልሽው ሰንሰለትም ነበር፣ እዛው ሌላ ጥፋት አጠፉ የተባሉት እግራቸው ታስሮ መንገድ ይሰራሉ፣ የባሰባቸው ኖርፎክ ደሴት ወይ ፖርት አርተር ወደሚባሉ ከባድ የቅጣት ቦታዎች ይላካሉ። ሴቶቹ ደግሞ ለቤት ሰራተኝነት ይሰጣሉ፣ ሲቀጡ ወይ የሚወስዳቸው ሲጠፋ ሲድኒ አጠገብ ፓራማታ እንደነበረው ዓይነት የሴቶች ማቆያ ገብተው ሱፍ ይፈትላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ።

ጸባዩ ያማረ 7 ዓመት የተፈረደበት ሰው በኋላ በወጣው ደንብ ከ4 ዓመት በኋላ የፈቃድ ወረቀት ያገኛል፣ ለራሱ ሰርቶ ያድራል ግን ከተመደበለት ወረዳ ያለፈቃድ ንቅንቅ አይልም። ሲጨርስ ነፃ ነው፣ ነፃ ሲሉት ግን የመመለሻውን መርከብ የሚከፍልለት የለም፣ ስለዚህ ስንቱ ጥሎት የመጣውን ልጁን ዳግም ሳያይ እዛው ቀረ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ነፃ ወጥተው መሬት የተሰጣቸውም አሉ፣ መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው፣ ሲድኒ ላይ ኢኦራ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሰዎች ይኖሩበት ነበር፣ ልጅሽ ይሄን ፕሮጀክቱ ላይ እንዳይዘለው አደራ።

አንድ ሰው ምረጥ ከተባለ ሜሪ ሬይቢን ይውሰድ። ገና በ13 ዓመቷ ፈረስ ሰረቀች ተብላ 7 ዓመት ግዞት ተፈርዶባት ሲድኒ መጣች፣ እዛው አገባች፣ ባሏ ሲሞት ልጆቿን እያሳደገች ንግዱንና መርከቦቹን ራሷ አንቀሳቀሰች። የ20 ዶላሩ ኖት ላይ ያለችው ሴት እሷ ናት፣ አውጥተሽ አሳዪው።